አሚጋ 500ን ከዘመናዊ ሞኒተር ጋር ማገናኘት

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ የቀረበውን አሚጋ 500 የተባለ የቤት ኮምፒውተር ከቪጂኤ (የኮምፒውተር ምስል ማገናኛ ዓይነት) ሞኒተር ጋር ሳገናኘው ስክሪኑ ለአፍታ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ችግሩ ከገመዱ ይሆን?

መልስ 1፦
ገመዱ ደህና ሊሆን ይችላል። አሚጋው በሰከንድ 15,600 ያህል አግድም መስመሮችን ይልካል፤ አብዛኞቹ የቪጂኤ ሞኒተሮች ግን ከ30,000 ገደማ በታች ስለማይቀበሉ፣ በመካከል መስመሮቹን እጥፍ የሚያደርግ መቀየሪያ ያስፈልግዎታል።

መልስ 2፦
ብዙ ርካሽ መቀየሪያዎች እያንዳንዱን ሙሉ ምስል እንደ ግማሽ ምስል ስለሚቆጥሩት ቀጫጭን ፊደላት ይንቀጠቀጣሉ፤ ስለዚህ ለአሮጌ ኮምፒውተሮች ተብሎ የተሠራውን አጥብቄ እመክራለሁ። ሞኒተሩ ከአሚጋው የሚመጣውን 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ምስል) መቀበሉንም ያረጋግጡ።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። የሞኒተሩ መመሪያ ዝቅተኛው 56 ኸርዝ ነው ይላል።

መልስ 2፦
እንግዲያው መስመር ማባዛት ብቻውን አይበቃም፤ ምስሉን ወደ 60 ኸርዝ የሚለውጥ መቀየሪያ ይፈልጉ፤ ሆኖም በስክሪኑ ላይ የሚንሸራተት ምስል አልፎ አልፎ ገታ ገታ ማለቱ አይቀርም።