የካሜራው ባለቤት ግማሹ ክፍያ ይገባኛል ይላል፤ የተማሪ ፊልም ቡድናችንን እንዴት እናድን?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን ስድስት ስድስት አድርጎ መደበንና “ትንሽ የፊልም ድርጅት አቋቁማችሁ አንድ ሴሚስተር አንቀሳቅሱ” አለን። አንድ አጭር ፊልምና ክፍያ ያላቸው ሁለት ሥራዎች ይጠበቁብናል። ልጆቹ ፕሮዲውሰር አድርገው የመረጡት እኔን ነው።

የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት አንድ ሰርግ ከነመልሱ ቀረጽን። 30,000 ብር ተከፈለን። ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካሜራው የአንዱ ልጅ የግሉ ነው፤ “ያለ እኔ ካሜራ ሥራው አይኖርም ነበር” ብሎ ግማሹን ጠየቀ። አንዷ ደግሞ የመጣችው ለመልሱ ብቻ ሆኖ ሳለ እኩል ይድረሰኝ አለች። አሁን ግሩፓችን ላይ የሚጽፍ ሰው የለም። ጥር ደግሞ ደርሷል፤ ሁለተኛ ሰርግ ይዘናል።

ንግድ ፈቃድስ ያስፈልገናል? የአጭር ፊልሙን የኩሽና ትዕይንት ስንሞክርም መብራቱ ይርገበገባል፣ ድምፁ ውስጥ “ዝዝዝ” የሚል ነገር አለ። እባካችሁ እርዱን። እነዚህን ልጆች እወዳቸዋለሁ፤ በገንዘብ እንድንለያይ አልፈልግም።

መልስ (ሰርግ ቀራጭ፣ 14 ዓመት በሥራው)፦
አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ ያልደረሰበት ስቱዲዮ የለም። ልጁም እውነት አለው፣ እናንተም እውነት አላችሁ። ጭቅጭቁን ያመጣው ዕቃና ጉልበት አብረው መቆጠራቸው ነው። ለየብቻ ቁጠሯቸው።

መጀመሪያ ወጪውን አንሱ፦ ታክሲ፣ ምግብ፣ ባትሪ፣ ሁሉንም። ቀጥሎ ዕቃ አከራይ ጋ ደውላችሁ ያው ካሜራ በቀን ስንት እንደሚከራይ ጠይቁ። ያንን ለልጁ በኪራይ ክፈሉት። ካሜራው ያልቃል፤ ቢወድቅ የሚያሠራው እሱ ነው። ከዚያ ለጋራ ሣጥን ትንሽ አስቀሩ። የተረፈውን ለሠራ ሰው በሠራው ልክ ተካፈሉ። ባለ ካሜራውም እዚህ ላይ እንደማንኛችሁም አንድ ድርሻ ይውሰድ እንጂ ከዚያ በላይ አይደለም።

ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ጸሐፊ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። እቁብም ዳኛና ጸሐፊ አለው። የጥር ወሩን ሰርግ ያለ ቀብድና ያለ ወረቀት እንዳትነኩት። ሙሽሮቹ ሥራውን መቼ እንደሚረከቡ፣ ቀሪው ክፍያ መቼ እንደሚገባ ይጻፍ።

መልስ (ኤዲተር)፦
መብራቱ ቀላል ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ካሜራችሁ በሰከንድ በ30 ፍሬምና በ1/60 ሸተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) እየቀረጸ ከሆነ ከመብራቱ ጋር አይገጥምም። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ፓል (PAL፣ ለ50 ኸርዝ የሚሆነው ምርጫ) አድርጉት፤ 25 ፍሬም፣ ሸተሩ 1/50። አንዳንድ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ግን ከዚህም በኋላ ይርገበገባል፤ እሱን ቀይሩት።

“ዝዝዝ” ያላችሁት ፍሪጁ ይመስለኛል። ስትቀርጹ ንቀሉት፤ የቤቱን ቁልፍ ደግሞ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት። ያለ ቁልፍ መውጣት ስለማትችሉ መልሳችሁ መሰካቱን አትረሱም። እኔ በአንድ ቀረጻ የሰው ቤት ሥጋ አበላሽቼ ነው ይህን የተማርኩት፤ እናትየው ምንም ሳይሉኝ ፍሪጁን ሲያጥቡ ማየቱ አሁንም ያሳፍረኛል። ከመውጣታችሁ በፊት ሁላችሁም ዝም ብላችሁ የክፍሉን ድምፅ 30 ሰከንድ ቅዱ። ኤዲት ላይ ንግግሩ ሲቆራረጥ ክፍተቱን የምትሞሉት በእሱ ነው።

አንድ ያልጠየቃችሁትን ልጨምር። በሰከንድ በ100 ሜጋቢት ከቀረጻችሁ አንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። የሞላውን ካርድ ቀይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ለአንድ ሰው ብቻ ስጡ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ተገልብጦ፣ ተከፍቶ ሳይታይ ፎርማት አይደረግም። ሰርግ አይደገምም።

መልስ (የሕግ ባለሙያ)፦
በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ 15,000 ብር ካፒታል እንዲኖረው ይጠይቃል። ምዝገባውና ግብሩም ይከተላል። ለአንድ ሴሚስተር ብላችሁ እዚያ ውስጥ አትግቡ። ያለ ፈቃድ ገንዘብ እየተቀበሉ መሥራትም አይመከርም። ፈቃድ ያለው ስቱዲዮ ፈልጉና የሚከፈልባቸውን ሥራዎች በእሱ ስም ሥሩ፤ ደረሰኙን እሱ ይቁረጥ። በመካከላችሁ ያለውን ግን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስድስታችሁም ፈርሙ።

የሰርጉን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ልትለጥፉ ካሰባችሁም ሙሽሮቹን በጽሑፍ አስፈቅዱ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ የታዘዘ ሥራ መብቱ የአዛዡ ነው። የአጭር ፊልሙን ስክሪፕት የጻፈው ልጅም ለቡድኑ መፍቀዱን ይፈርም።

መልስ (ባለፈው ዓመት የተመረቀ)፦
ከሰርጉ ስለቀረችው ልጅ ማንም አላነሳም። ለምን እንደቀረች ጠይቃችኋታል? እኛ ቡድን ውስጥ አንዱ ሲቀርብን “ሰነፍ ነው” ብለን አኮረፍነው። ለካ አባቱን ሆስፒታል እያስታመመ ነበር። ከቤት ሆና የምትሠራው ነገር አይጠፋም፤ ኮንትራት መጻፍ አለ፣ የትብብር ደብዳቤ ማስጻፍ አለ፣ ተዋንያንን በስልክ ማስተባበር አለ።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ካፌ ተቀምጠን ሒሳቡን ሠራነው። ወጪ 4,600። የካሜራ ኪራይ በቀን 2,500፣ የሁለት ቀን 5,000። ለሣጥን 1,700 አስቀረን። የቀረው 18,700 ነው። አምስታችን 3,400፣ ለመልሱ ብቻ የመጣችው 1,700። ባለ ካሜራው ከነኪራዩ 8,400 ደረሰው። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና “ዋናው ካሜራዬ መቆጠሩ ነው” ብሎ ፈረመ።

ልጅቷን ለብቻዋ አነጋገርኳት። የሰርጉ ዕለት ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራበት ቀን ነበር፤ ለእኛ መናገር ከብዷት ነው። አቅፌያት አለቀስን። ከአሁን በኋላ ጸሐፊያችን እሷ ናት።

ስቱዲዮም አግኝተናል፣ በእሱ ስም እንድንሠራ ተስማምቷል። ሰርጉ ጥር 14 ነው። ቀብዱን ተቀብለናል፣ ቀዩ ፕላስተርም ተገዝቷል። ፍሪጁን ነገ እንሞክራለን።