ፈረስ ብቻ የተመላለሰበት አቻ፦ ዜሮ ይገባዋል?

ጥቁር ፈረስ፦ እስቲ ፍረዱኝ። በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ፣ ሳማርካንድ፣ የዓለም ብሊትዝ (ፈጣን ሰዓት) ቼስ ሻምፒዮና። ሩሲያውያኑ ግራንድማስተሮች ዱቦቭ እና ኔፖምኒያሽቺ ተገናኙ። አንዲት ወታደር ሳትነቃነቅ ፈረሶቻቸውን ብቻ ሲያዞሩ ቆይተው በ13 እንቅስቃሴ አቻ ወጡ። ዋና ዳኛው ግማሽ ግማሽ ነጥባቸውን ነጥቆ ለሁለቱም ዜሮ ሰጠ። ይግባኝ አሉ፣ አልተሳካም። ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የጨርቆስ ልጅ፦ ምኑ ነው ፍርደ ገምድልነቱ? ነጭ ፈረሱን ዲ4 ካሬ ላይ ሲያስቀምጥ ጥቁር ዲ5። ነጭ ቢ3 ሲሄድ ጥቁር ቢ6። ይሄ ተነጋግረው እንደመጡ ለማወቅ ዳኛ መሆን ያስፈልጋል እንዴ? በተመልካች መቀለድ ነው።

ጥቁር ፈረስ፦ ታዲያ በርሊን የሚባለውን አከፋፈት ምን ልትለው ነው? በሱ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው የ14 እንቅስቃሴ አቻ አለ። መጨረሻው ላይ የነጭ ንግሥት ኢ4 መጥታ ንጉሡን ቼክ ትላለች፣ የጥቁሯ ኢ6 ገብታ ትከልላለች፣ ሁለቱም ይመለሳሉ፣ ደግሞ እንደገና። ትልልቆቹ ሁሉ ተጫውተውታል፤ ግማሽ ነጥባቸውንም ይዘው ወደ ቤታቸው። እነዚህ የተቀጡት ስለተስማሙ ሳይሆን ማስመሰል ስላልፈለጉ ነው!

ወታደሯ፦ በ2021 ታዋቂዎቹ ግራንድማስተሮች ካርልሰንና ናካሙራ ኦንላይን ውድድር ላይ ገና በሁለተኛው እንቅስቃሴ ንጉሦቻቸውን አውጥተው እየሳቁ አቻ ወጡ። ማን ነካቸው?

የጨርቆስ ልጅ፦ እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ የዓለም ሻምፒዮና ነው።

ሰዓት ተጫን፦ ዋናውን ነገር ረሳችሁት እኮ። የሳማርካንዱን ውድድር ካርልሰን በ16 ነጥብ አሸነፈ፣ ዱቦቭ በ15.5 ሁለተኛ ወጣ። ያቺ ግማሽ ነጥብ ብትኖረው እኩል ነበሩ። ለቀልድ ይሄን ያህል መክፈል ግን ያማል።

ወታደሯ፦ ኧረ እንዲህ አይሰላም። ነጥቡ ቢኖረው ቀጣይ ዙሮች ላይ ከሌላ ሰው ጋር ይደለደል ነበር፤ ሊሸነፍም ይችል ነበር። ደግሞ ማን ፈረስ ጋልብ አለው?

ሰዓት ተጫን፦ 😂 እሱስ እውነት ነው።

የጨርቆስ ልጅ፦ እሺ እንግዲህ፣ በርሊኑንም ዜሮ ይበሉት። እኔ ምን ቸገረኝ።

ጥቁር ፈረስ፦ በምን ማስረጃ ብሮ? ሁለቱም «አጥንቼው ነው የመጣሁት» ካሉ ዳኛው ምን ሊያደርግ ነው?