ዱ ቦይስ ምርምሩን ትቶ መውጣት ነበረበት?

አወያይ፦ ርዕሳችን ከአሜሪካ የሶሲዮሎጂ (የማኅበረሰብ ጥናት) መሥራቾች አንዱ፣ ጥቁሩ ምሁር ዱ ቦይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ መምህርነቱን ለቆ የጥቁሮች መብት ማኅበር መጽሔት አዘጋጅ ሆነ። ልክ ነበር?

የስታቲስቲክስ ባለሙያው፦ አልነበረም፤ ተሳስቷል እላለሁ። በ1899 የታተመውን፣ በፊላደልፊያ አንድ የጥቁሮች ሰፈር ላይ ያካሄደውን ጥናቱን አስቡት። ከሚስቱ ጋር እዚያው ሰፈር ተከራይቶ፣ ወደ 2,500 የሚጠጉ ቤቶችን በራሱ እግር አንኳኳ። ማን ምን ይሠራል? ስንት ይከፈለዋል? ስንት ሆነው ያድራሉ? የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ምሁራን በከተማ ጥናት ስማቸው የገነነው ከእሱ በኋላ ነው። አትላንታ ላይ ደግሞ የመቶ ዓመት ዕቅድ ነበረው። በየዓመቱ ስለ ጥቁሮች ኑሮ አንድ ርዕስ ይጠናል። አሥር ዓመት ሲሞላ ያው ርዕስ እንደገና ይጠናል። እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት ይተዋል?

መምህሯ፦ ወንድሜ፣ 1899ን ካነሳህ ሌላውንም አንሳ። በዚያው ዓመት ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር ሰው አትላንታ አቅራቢያ በመንጋ ተገደለ። ዱ ቦይስ ጉዳዩ በእርጋታ እንዲታይ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይዞ ወደ ጋዜጣ ቢሮ እየሄደ ነበር። የሟቹ የጣት አንጓዎች እዚያው መንገድ ላይ ባለ ሱቅ ለዕይታ መቀመጣቸውን መንገድ ላይ ሰማ። ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጥቁሮች በመንጋ እየተገደሉና እየተራቡ ረጋ ያለ ሳይንቲስት መሆን አይቻልም ያለው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ድምፄ ይቆረጣል። ደግሞስ ማን አዳመጠው? ከሃርቫርድ ዶክትሬት ይዞ፣ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለጥናቱ ሲቀጥረው የሚያስተምረው ክፍል እንኳ አልሰጠውም።

የታሪክ ተማሪው፦ ያዳመጠውስ አለ። ታዋቂው ጀርመናዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ማክስ ቬበር በ1904 አሜሪካ ሄዶ አግኝቶታል። በ1906 የዱ ቦይስን ጽሑፍ ጀርመን ውስጥ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ አወጣለት። ደግሞ «ትቶ ወጣ» የሚለው አይዋጥልኝም። በ1934 ወደ አትላንታ ተመልሷል። በዓመቱም ከባርነት በኋላ ስለነበረው ዘመን ትልቁን መጽሐፉን አሳተመ።

የስታቲስቲክስ ባለሙያው፦ የሱቁን ታሪክ አላውቅም ነበር፣ እህቴ። እሺ፣ «ተሳስቷል» የሚለውን ቃል አነሳለሁ። ያ የመቶ ዓመት መዝገብ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የምንቀየመው እሱን ሳይሆን ገንዘብና ጸጥታ የነፈጉትን መሆን አለበት።