የአልጌ ማጣሪያዬን መረብ ላስፋ ወይስ ላጥብብ?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ውስጥ 280 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፤ ለስላሳ ኮራሎች፣ ጥቂት ድንጋያማ ኮራሎችና ትናንሽ ዓሦች ይኖሩበታል። ውሃውን የማጣራው በፏፏቴ መልክ በሚሠራ የአልጌ ማጣሪያ ነው። ሳምፕ ከምንለው ከታችኛው ገንዳ ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውሃው በርዝመቱ በተሰነጠቀ የፒቪሲ ቱቦ በኩል ወጥቶ፣ ከስንጥቁ በተንጠለጠለ የፕላስቲክ መረብ ሁለት ገጽ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። በግራና በቀኝ የተገጠሙ ቀይ የኤልኢዲ መብራቶች አሉ። አልጌው መረቡ ላይ ሲበቅል ከውሃው ናይትሬትና ፎስፌት ይወስዳል፤ እኔም በየጊዜው ፍቄ እጥለዋለሁ።

መረቡ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። አረንጓዴ አልጌ በመጠኑም ቢሆን የሚበቅለው መሃሉ ላይ ብቻ ነው። ዳርና ዳሩ ብዙውን ጊዜ ደርቆ ይታያል፤ ከመብራቶቹ ትይዩ ያለው ክፍል ደግሞ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ቢጫ ሽፋን ይይዛል። በአንጻሩ ገንዳው ውስጥ ባሉት ድንጋዮች ላይ ፀጉር መሰል አልጌ እየበዛ መጥቷል። ናይትሬቱ 25 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 25 እጅ)፣ ፎስፌቱ 0.25 ፒፒኤም ነው። ለዓሦቹ በቀን ሁለት ኪዩብ (ትንንሽ ቁራጭ) የቀዘቀዘ ምግብ እሰጣለሁ። ያሰብኩት መረቡን ወደ 40 ሴንቲ ሜትር አስፍቼ መብራት ለመጨመር ነበር፤ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ግን ልምድ ያላችሁን መጠየቅ መረጥኩ።

መልስ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት በመረቡ ላይ በሰዓት ስንት ሊትር ውሃ እንደሚወርድ ይለኩ። በፓምፑ ካርቶን ላይ የተጻፈው መጠን ፓምፑ ውሃውን ምንም ከፍታ ሳያወጣ የሚሰጠው ነው፤ ከሳምፑ እስከ ቱቦው ያለው ከፍታና በመንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጎሚቶ ከዚያ ላይ ይቀንሳሉ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ከመረቡ ሥር ባልዲ ይዘው እስኪሞላ ድረስ ሰዓት ይያዙ። የቱቦውን ስንጥቅም ይመልከቱ፤ መብራት የሚደርስበት ከሆነ አልጌው ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚያድግ ውሃው በመሃል ብቻ እንዲወጣ ያስገድደዋል።

የጠያቂው ማብራሪያ

አመሰግናለሁ፣ ለካሁት። 10 ሊትር የሚይዘው ባልዲ የሚሞላው በአንድ ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ በሰዓት 600 ሊትር ብቻ ይወርዳል ማለት ነው። የስንጥቁ ሁለት ጫፎችም በከፊል በአልጌ ተደፍነው አገኘኋቸው። እንግዲህ ትልቅ ፓምፕ መግዛት ይኖርብኛል?

መልስ (ከሃይፋ)

የለኩት ቁጥር ግማሹን መልስ ሰጥቷል። በዚህ ዓይነት ማጣሪያ የሚሠራበት ልማዳዊ መጠን ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የመረብ ስፋት በሰዓት 50 ሊትር ገደማ ነው። ለ25 ሴንቲ ሜትር ከ1,250 ሊትር በላይ ያስፈልግዎታል፤ ያለዎት ከግማሹ ያነሰ ነው። መረቡን ወደ 40 ቢያሰፉት ደግሞ ፍላጎቱ 2,000 ሊትር ይደርሳል፤ በአሁኑ ፓምፕ ከሆነ የሚሰፋው ደረቁ ዳር ብቻ ነው።

ፍሰት ይህን ያህል የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በእያንዳንዱ የአልጌ ክር ዙሪያ ስስ የረጋ ውሃ ሽፋን ይኖራል፤ አልጌው በዚያ ሽፋን ውስጥ ያለውን ናይትሬትና ፎስፌት በልቶ ሲጨርስ አዲስ የሚደርሰው ሽፋኑ በፈጣን ውሃ ሲገፈፍ ነው። ብርሃኑ በርትቶ ፍሰቱ ሲደክም አልጌው ከሚደርሰው ምግብ በላይ ብርሃን ያገኛል፤ የእርስዎ ቢጫ ላስቲክም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። የዚህ ማጣሪያ አባት የሚባሉት የስሚዝሶንያኑ ሳይንቲስት ዋልተር አዴይ እ.ኤ.አ. በ1982 የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት መሣሪያ ውሃውን በማዕበል መልክ በአልጌው ላይ የሚደፋው በከንቱ አልነበረም፤ በኮራል ሪፍ ላይ ማዕበሉ የሚሠራውን ሥራ እንዲሠራላቸው ፈልገው ነው። እርሳቸው የሠሩበት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚገኘው እርስዎ ካሉበት ብዙም በማይርቀው በዋሽንግተን ነው።

ሁለተኛው ግማሽ የመረቡ ስፋት ጉዳይ ነው። ሁለቱም ገጽ መብራት ካለው፣ በቀን ለሚሰጥ ለአንድ ኪዩብ ምግብ 77 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል መረብ እንደሚበቃ ይታሰባል። የመረቡ መጠን የሚሰላው በገንዳው ሊትር ሳይሆን ለዓሦቹ በሚሰጠው ምግብ ነው፤ ወደ ውሃው የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በአብዛኛው የሚመጣው ከምግቡ ነውና። ለሁለት ኪዩብ 155 ካሬ ሴንቲ ሜትር በቂ ሲሆን የእርስዎ መረብ 500 ነው። ስለዚህ እኔ የምመክረው መረቡን ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ማጥበብ ነው። 12 በ18 ቢያደርጉት 216 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያለዎት 600 ሊትርም በሴንቲ ሜትር ልክ 50 ሊትር ይሰጠዋል። ፓምፕ መግዛት አያስፈልግዎትም።

መልስ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

በዚህ እስማማለሁ፤ አሠራሩን ልጨምርበት። የድሮውን ቱቦ በሲሊኮን ለመድፈን ከመሞከር አዲስ ቱቦ መሰንጠቅ ይሻላል፤ ሲሊኮን ከፒቪሲ ጋር አጥብቆ አይያያዝም። ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ቱቦ ይውሰዱ፤ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ ስንጥቅ ያውጡበት፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፣ ምክንያቱም አንዲት ቅራፊ እንኳ ከቀረች ውሃውን ወደ አንድ ወገን ትጎትተዋለች። ቱቦውን ሲሰቅሉ በውሃ ልክ አስተካክሉት።

መረቡ በጥልፍ ዕቃ መደብር የሚሸጠው ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ ይሁን፤ ሁለቱንም ገጽ በክብ መጋዝ ጥርስ ጫፍ እየፈተጉ እሾህ እሾህ እስኪል ያሻክሩት። በእጅዎ ሲዳብሱት የሚቧጥጥ ካልሆነ ገና ነው፤ በለስላሳ መረብ ላይ የበቀለ አልጌ ትንሽ ሲከብድ ተንሸራቶ ወደ ሳምፑ ይወድቃልና። ከአሮጌው መረብ አረንጓዴውን ክፍል ወስደው በአዲሱ ላይ ጫን አድርገው ቢያሹት ቶሎ ይጀምራል። ስንጥቁ ላይ ብርሃን እንዳያርፍ ከቱቦው ግራና ቀኝ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ያድርጉለት፤ ይህን ካላደረጉ ጫፎቹ መልሰው ይደፈናሉ።

መልስ (ከዱባይ)

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ኮራሎቹ ናቸው። ማጣሪያው በደንብ ሲሠራ ንጥረ ነገሮቹ በፍጥነት ሊወርዱ ይችላሉ። ፎስፌት የሚመጥ የብረት ኦክሳይድ ወይም ሌላ ኬሚካል አብረው የሚጠቀሙ ከሆነ አዲሱ መረብ ሲይዝ ቀስ በቀስ ያውጡት። ግብዎ ዜሮ መሆን የለበትም፤ ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ፒፒኤም ቢሆን ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ገንዳ መልካም ነው። ሁለቱም ወደ ዜሮ ሲጠጉ ኮራሎቹ ይገረጣሉ፤ ዲኖፍላጀሌት የሚባለው አረፋ የሚቋጥር ቡናማ ዝልግልግ ነገርም ዕድል ያገኛል፤ እርሱን ማጥፋት ከፀጉር አልጌው እጅግ የከበደ ነው።

በድንጋዮቹ ላይ ያለው አልጌ ወዲያው ባይጠፋ አይደንግጡ። የካልሲየም ካርቦኔት ድንጋይ ፎስፌት ይዞ ያቆያል፤ የውሃው ፎስፌት ሲወርድ ድንጋዩ የያዘውን መልሶ ይለቃል። ስለዚህ መለኪያዎ ለሳምንታት ከ0.25 ብዙም ሳይነቃነቅ ሊቆይ ይችላል፤ ማጣሪያው ግን እየሠራ ነው። በዚህ ጊዜ ከመለኪያው ይልቅ ፍቀው የሚጥሉትን አልጌ ብዛት ይዩ። በድንጋዩ ላይ ያለውን በእጅ መንቀል፣ ቀንድ አውጣዎቹም የቀረውን እንዲግጡ መተው ነው።

አንድ ሌላ ነገር፤ ፏፏቴ ውሃ ያተናል። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ስለሆነ ጨዋማነቱ ከ35 በሺህ ወደ ላይ እንዳይወጣ የተጣራ ጨው አልባ ውሃ በየቀኑ ይጨምሩ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መረቡን አጥብባለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል፤ መብራቶቹን ስንት ሰዓት ላብራ? መብራቶቹ ላይ የሚረጨው የጨው ውሃ ነጭ ጨው እየሠራ አስቸግሮኛል፤ ይህንስ ምን ላድርገው?

መልስ (ከሃይፋ)

አዲሱ መረብ ገና ባዶ ሳለ በቀን ለ9 ሰዓት ያህል በማብራት ይጀምሩ፤ አረንጓዴው መረቡን ሲሸፍን እየጨመሩ እስከ 18 ሰዓት ያድርሱት። 660 ናኖ ሜትር የሆነው ቀይ ብርሃን ዋናው ነው፤ ጥቂት ሰማያዊ ቢታከልበት ይጠቅማል። ከመብራቱ ትይዩ ያለው ቦታ ብቻ ራቁቱን ከቀረ ወይም ቢጫ ከሆነ መብራቱን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያርቁት፤ ሰዓቱን መቀነስም ይቻላል። የማጣሪያው መብራት የዋናው ገንዳ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት እንዲበራ ቢያደርጉ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚወስድ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ሌሊት ብዙ አይወርድም።

የመጀመሪያው ቡናማ ሽፋን የተለመደ ነው፤ በጣትዎ በቀስታ ጠረግ አድርገው ይለፉት። ከዚያ በኋላ በየ7 እስከ 14 ቀኑ መረቡን አውጥተው በቧንቧ ውሃ ሥር ይፋቁት፤ የቧንቧው ውሃ አልጌውን የሚበሉትን ጥቃቅን ነፍሳትም ያስወግዳል። እስከ ፕላስቲኩ ድረስ አይፋቁት፤ ስስ አረንጓዴ ይቅርበት። እንዳይዘገዩም አደራ፤ አልጌው ሲወፍር ሥሩ ብርሃን አጥቶ ይሞትና የወሰደውን ሁሉ ወደ ውሃው ይመልሳል።

መልስ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ለርጭቱ በመረቡና በመብራቱ መካከል ጥርት ያለ አክሪሊክ ሰሌዳ ያቁሙ፤ ጨው ሲይዝ በአቼቶ ጠርገው መልሰው ይግጠሙት። የመረቡ የታችኛው ጫፍ የሳምፑን ውሃ በትንሹ እንዲነካ ካደረጉ ውሃው ሳይንጠባጠብ ስለሚገባ ርጭቱና ድምፁ አብዛኛው ይቀራል። መብራቱና ፓምፑ የሚሰኩበት ሶኬት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ ኃይል የሚያቋርጠው ዓይነት ይሁን፤ ገመዶቹም ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ወርደው ከዚያ የሚወጡ መሆን አለባቸው፣ በገመዱ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ እዚያው ወለሉ ላይ እንዲወድቅ። ቱቦውን ገጥመው እንደጨረሱ ፓምፑን አጥፍተው ሳምፑ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ውሃ መያዙን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ባልዲውን እንደገና ይዘው 600 ሊትሩ መድረሱን ይለኩ።