ድራይ ሆፕ የተደረገ ላገር፦ የሣርና የቅቤ ሽታ ጠባዩ ነው ወይስ ጉድለት?

ብቅል20፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጣሊያን ዓይነት ፒልስነር (በቅዝቃዜ የሚፈላ፣ ነጣ ያለ ላገር ቢራ)፣ 20 ሊትር። መፍላቱ ሙሉ በሙሉ ካቆመ በኋላ ለመዓዛ 90 ግራም ሀለርታው ሚተልፍሩህ የተባለ ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ) ሳይቀቀል ገባበት፣ ድራይ ሆፕ የሚባለው ይህ ነው፣ በ12 ዲግሪ 8 ቀን ቆየ። አሁንም በበርሜሉ ውስጥ ከነእርሾው ነው። ሲቀዳ አበባ አበባና የሎሚ ልጣጭ ይሸታል። ቆየት ሲል የታጨደ ሣር፣ ሞቅ ሲል ደግሞ ቅቤ ይመጣል። የሆፕሱ ጠባይ ነው ወይስ የጠመቃ ስህተት? በትክክል የሚቀመሰውስ እንዴት ነው?

አረፋ፦
ከአቀማመሱ እንጀምር። ከፍሪጅ እንደወጣ በ3 ዲግሪ አትፍረድበት፤ ብርዱ ሽታውን ያፍነዋል። ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይሁን። ብርጭቆው ቅባት ወይም የሳሙና ርዝራዥ ካለው አረፋው ወዲያው ይሞታል፤ ስለዚህ በፎጣ አትወልውለው፣ ተገልብጦ በራሱ ይድረቅ። ሲሶውን ብቻ ቅዳ፣ አዙረውና ሁለት ሦስቴ አጠር አጠር አድርገህ አሽት። አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል፤ የመጀመሪያውን ስሜት ሳትጠጣ ጻፈው። ከዚያ ጎንጨት በል፣ ከዋጥክ በኋላ ትንፋሹን በአፍንጫህ አውጣ።

ከሆፕሱ ሥር የብቅሉ የትኩስ ዳቦ ሽታ መገኘት አለበት፤ ለእኔ ትልቁ መለኪያ ይህ ነው። የጣሊያኑ ቢራ ጠማቂ ቢሪፊቾ ኢታሊያኖ እ.ኤ.አ. በ1996 ኮሞ አጠገብ ሉራጎ ማሪኖኔ ላይ ሥራ ሲጀምር ያወጣው ቲፖፒልስ የተባለ ቢራ፣ ኋላም በእሱ መነሻነት የካሊፎርኒያው ጠማቂ ፋየርስቶን ዎከር የሠራው ፒቮ፣ የሁለቱም ውበት እዚህ ላይ ነው። ሆፕሱ ብቅሉን ከዋጠው ቢራው ላገርነቱን አጥቷል።

ድፍድፍ፦
ቅቤው ጉድለት ነው፣ ምክንያቱም ይታወቃል። ሆፕስ የራሱ ኢንዛይም አለው፤ እርሾ መብላት ያቃተውን ዴክስትሪን (ከብቅሉ የቀረ ረጅም የስኳር ሰንሰለት) ሰባብሮ የሚበላ ስኳር ያደርገዋል። ተመራማሪዎቹ ብራውንና ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1893 ጽፈውታል። እርሾው እንደገና ሥራ ሲጀምር የዳያሲቲል (ቅቤ ቅቤ የሚሸተው ውህድ) መነሻ የሆነ ነገር ይለቃል፤ ያም በራሱ ጊዜ ወደ ዳያሲቲል ይለወጣል። እርሾው ያንን መልሶ ሳይበላ ቢራውን ካቀዘቀዝከው ቅቤው እዚያው ይቀራል። እንዲህ እያለ ከታሸገ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ ይበዛና ሲከፈት ይገነፍላል፣ ሲብስም ይፈነዳል።

(ቅቤ ስንል ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበትን ንጥር ቅቤ አይደለም፤ ፈንዲሻ ላይ የሚደረገውን የፋብሪካ ቅቤ አስብ። አፍ ላይም ያሟልጫል።)

ምርመራው ቀላል ነው። ሁለት ብርጭቆ ቅዳና ክደናቸው። አንዱን 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ አቆየው፣ ከዚያ ከሌላው ጋር እኩል እስኪሆን አብርደህ ሁለቱንም አሽት። የሞቀው ብቻ ቅቤ ከሸተተ መነሻው ገና አላለቀም ማለት ነው፣ አታቀዝቅዝ። ሁለቱም ከሸተቱ ዳያሲቲሉ ተፈጥሯል። በሁለቱም ሁኔታ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አሙቀህ ሦስት አራት ቀን ጠብቅ፣ ከዚያ ምርመራውን ድገመው። ሁለቱም ንጹሕ ሳይሆኑ ወደ 1 ዲግሪ እንዳታወርደው።

ጥንስስ፦
ሣሩ ከ8 ቀኑ ነው የመጣው። ላገር ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል፤ መዓዛው ቶሎ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው የቅጠሉ ነገር ነው። መጠኑም በዝቷል፤ 90 ግራም ለ20 ሊትር፣ በሊትር 4.5 ግራም ነው። ከ40 እስከ 60 ግራም አድርገው። ጊዜውም መፍላቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ግራቪቲው (የቀረውን ስኳር የሚያሳየው የቢራው ጥግግት) ከመጨረሻው 0.003 ወይም 0.004 ከፍ ሲል ይሁን፤ ያኔ እርሾው ከሆፕሱ ጋር የገባውን ኦክስጅን ይበላልሃል። (ጌሾ ከጥንስስ ጀምሮ ስለሚገባ የጠላ ልማድ እዚህ አይሠራም፤ ተክሉም ሌላ ነው።)

ምሬትና ማድረቅንም ለያቸው። ያልበሰለ ሙዝ እንደሚያደርገው ድድና ጉንጭህን ይዞ ከቀረ፣ ያ ከቅጠሉ የወጣ ታኒን ነው።

ብቅል20፦
አመሰግናለሁ። የሞቀውም ያልሞቀውም ቅቤ ሸተዋል፤ በርሜሉ አሁን 17 ዲግሪ ላይ ነው። ሆፕሱን ላውጣው ወይስ ቢራው ከእሱ ጋር ይሙቅ?

ጥንስስ፦
በከረጢት ከሆነ ዛሬውኑ አውጣው፤ ባዶውን ቦታ ግን በሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ሙላው። ተበትኖ ከሆነ ተወው፤ ወደ ሌላ ዕቃ ስትገለብጥ የሚገባው አየር ከሣሩ የባሰ ነው። በሁለት ሳምንት መዓዛው ይጠፋና የረጠበ ካርቶን መሽተት ይጀምራል።