ታንክ አበቃለት? ክርክራችንን ጨርሱልን

የከዚራ ልጅ፦
ጀመዓው እንዴት ናችሁ፣ ሙቀቱን እንዴት ይዛችሁታል? አንድ ነገር ልጠይቅ። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። ወታደር እሆናለሁ ብሏል፣ ያውም ታንከኛ። ወንድሜ ደግሞ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ስልክ ይጠግናል፣ "ታንክ ሙዚየም ሊገባ ነው፣ ይልቅ ድሮን ተማር" እያለ ያሾፍበታል። በርጫ ላይ በተቀመጥን ቁጥር ይሄው ነው ወሬው፣ እኔ መሀል ገብቼ ምንም የምለው ጠፋኝ። የምር ግን የነገ ሠራዊት ምን ይመስላል? ድሮን ሁሉንም ይተካል ወይስ ወሬው ተጋኖ ነው? ፖለቲካ ግን አታምጡብኝ አቦ። የቅርቡን የራሳችንን ጦርነት ትታችሁ የሌላውን አገር ንገሩኝ፣ እዚያ ከገባን አንወጣም።

ሳቢያን ቴክ፦
እኔ የወንድምህ ደጋፊ ነኝ፣ ግን በግማሽ። ዩክሬን ውስጥ የሚበረው ኤፍፒቪ የሚሉት ድሮን ከምታስበው በላይ ቀላል ዕቃ ነው። የካርቦን አካል፣ አራት ሞተር፣ ካሜራ፣ ባትሪ፣ ምስል የሚልክ አንቴና፣ ከሥሩ የታሰረ ፈንጂ፣ አለቀ። አብራሪው መነፅር አጥልቆ ካሜራው የሚያየውን እያየ ይነዳዋል። ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ የሚያቃጥለው ታንክ ሚሊዮኖች ያወጣል። አሜሪካ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ለዩክሬን 31 አብራምስ ታንክ ሰጥታ ነበር። በዓመቱ ድሮን ስለበዛባቸው ከግንባር ወደ ኋላ እንዲሉ ተደረገ።

ዕቃውን ግን ማንም ይገጣጥመዋል። ጉዱ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። አንዱ ሲግናሉን ሲያፍንበት ሌላው ፍሪኩዌንሲ ይቀይራል፣ እሱም ሲታፈን በ2024 ራሺያዎቹ በፋይበር ገመድ የሚነዳ ድሮን ይዘው መጡ። የቴሌ ፋይበር ዘመድ ነው፣ ቀጭን። ጥቅልሉ ድሮኑ ላይ ተጭኖ እየተተረተረ አሥር ሃያ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሬዲዮ የለውማ፣ ምኑን ታፍነዋለህ? ማሳው ላይ የቀረው ገመድ ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው። እና አዲስ መሣሪያ ለመግዛት ዓመታት ኮሚቴ የሚሰበስብ ሠራዊት ይሄን በምን ይደርስበታል?

ጡረተኛው ሻለቃ (ሐረር)፦
ልጆች፣ ታንክ አበቃለት ሲባል ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የጥቅምቱ ጦርነት የግብፅ እግረኛ ሳገር የሚባለውን የሶቪየት ሚሳይል ተሸክሞ የእስራኤልን ታንክ ሲያነድም ተብሎ ነበር። ታንኩ ግን ከእግረኛና ከመድፍ ጋር ተቀናጅቶ መሄድ ለመደና ቀጠለ። ዛሬም ቢሆን የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ከ2020 ወዲህ ታንኮቹን በሙሉ ሲያስረክብ፣ ፖላንድ ደግሞ በ2022 ከአሜሪካ 250፣ ከደቡብ ኮሪያ 180 አዳዲስ ታንክ ለመግዛት ፈረመች። ሁለቱም አላበዱም። አንዱ በደሴቶች መሀል ሊዋጋ ያስባል፣ ሌላው ሜዳ ላይ ከራሺያ ጎን ነው የሚኖረው።

የቅርቡን ተው ስላልክ የጥንቱን ላምጣ። በእኛ አቆጣጠር በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ታንክና መድፉን ይዞ እዚያው ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ነበር። እነሱ ሚግ-21 ተዋጊ ጄት ነበራቸው፣ እኛ ኤፍ-5። በፍጥነት ብቻ ካየኸው ሚጉ ይበልጣል። ነገር ግን የእኛ አብራሪዎች ሥልጠና የተሻለ ነበር፣ ካራማራ ላይም ራዳር ነበረን። ሰማዩን ያዝነው። በየካቲት 1970 ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ ደግሞ የካራማራን በር ፊት ለፊት ብቻ ከመጋፈጥ ይልቅ ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበስ ተሸክመው ተራራውን ተሻግረው ከጠላት ጀርባ አወረዱ። ሚ-6 ያኔ አዲስ መሣሪያ አልነበረም፣ ከተሠራ ሃያ ዓመት አልፎታል። አዲሱ ነገር አጠቃቀሙ ነው። ስለዚህ ልጁ ታንከኛ ቢሆን አልሰጋም፣ የምሰጋው ታንኩን ያለ አየር መከላከያና ያለ እግረኛ ብቻውን ለሚሰድ አዛዥ ከተሰጠ ነው።

ጀጎል ማዶ፦
ሻለቃ፣ እርስዎ ባሉት ላይ ልጨምር። አዘርባጃን በ2020 (እ.ኤ.አ.) ካራባክ ላይ ከአርሜኒያ ጋር ስትዋጋ ያደረገችው ልክ ይሄንን ነው። ሁሉም የሚያወራው ስለ ቱርኩ ቲቢ2 ድሮን ነው። እኔን የገረመኝ ግን አን-2 ነው። ማሳ ላይ መድኃኒት የሚረጭ የድሮ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን፣ ያለ አብራሪ እንዲበር አድርገው ማጥመጃ አደረጉት። የአርሜኒያ አየር መከላከያ ሲተኩስበት ቦታው ይታወቃል፣ ከዚያ ሌሎቹ ድሮኖች ይመቱታል። ብልጠት ይሏል ይሄ ነው።

ሌላው የዋጋ ነገር ነው። ቀይ ባሕር ላይ፣ የእኛ ዕቃ በጅቡቲ በኩል በሚገባበት መስመር፣ የየመን ሁቲዎች በሺዎች ዶላር የሚሠራ ድሮን ሲልኩ የአሜሪካ መርከብ ለአንዱ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሚሳይል ትተኩስ ነበር። ብትመታውም ሒሳቡ ይከስራል። ለዚህ ነው አሁን ሁሉም ወደ ርካሽ ማክሸፊያ፣ ወደ ሌዘር፣ ድሮን ወደሚመታ ድሮን የሚሮጠው። አሜሪካ ራሷ በ2023 ርካሽ ድሮኖችን በሺዎች ለማሰለፍ ሬፕሊኬተር የሚባል ዕቅድ አውጥታለች።

ግን ክፍሎቹ ከየት ይመጣሉ? ሞተሩም ባትሪውም ካሜራውም ባብዛኛው ከቻይና ነው። ቻይና በ2023 የድሮን ኤክስፖርት ላይ ገደብ ስታበጅ ዩክሬንም ራሺያም አማራጭ ፍለጋ ገቡ። እዚህ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ይሄን ከጄኔራል በላይ ያውቀዋል፣ አንዲት ቺፕ ስትጠፋ ስልኩ ስንት ወር መሳቢያ ውስጥ እንደሚያድር። እኛም ጋ በ2017 (በእኛ አቆጣጠር) ስካይዊን የሚባል የድሮን ፋብሪካ ተመርቋል። ደስ ይላል፣ ግን ስንቱ ክፍል እዚሁ ተሠርቶ ስንቱ ከውጭ እንደሚመጣ ነው መጠየቅ ያለብን።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። አሁን ከሚሠሩት ድሮኖች አንዳንዶቹ ሲግናል ቢቋረጥባቸውም ካሜራቸው የያዘውን ዒላማ ራሳቸው ተከታትለው ይመታሉ። ታንክ ነው ያለው ትራክተር ሆኖ ቢገኝስ? ማንን ይዘህ ትጠይቃለህ?

አሸዋ ሜዳ፦
በቃ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውሉት የሰፈራችን ልጆች ጄኔራል ሊሆኑ ነዋ! ሃሃሃ። እናቴ ይሄን እንዳትሰማ።

ሳቢያን ቴክ፦
አንተ ሳቅ። እጃቸው ቶሎ እንደሚለምድ ግን እውነት ነው። ቢሆንም አብራሪ ብቻውን አይሠራም፣ ፈንጂውን የሚያዘጋጅ፣ ከላይ በሌላ ድሮን ዒላማ የሚፈልግለት፣ ባትሪ የሚሞላ ሰው አብሮት አለ። ጠላትም ከማንም በፊት የሚያድነው እነሱን ነው፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ እንዳይመስልህ።

እግረኛም አልቀረም። ዩክሬን በ2024 ድሮንን ራሱን የቻለ የጦር ክፍል አድርጋ አቋቋመች። በዚያው ዓመት የግዳጅ ምልመላውን ዕድሜ ከ27 ወደ 25 አወረደች፣ ሰው አጥሯታላ። ድሮን ምሽግ ያፈርሳል፣ ምሽግ ውስጥ ገብቶ የሚያድረው ሰው ነው። የተቀየረው ኑሮው ነው። መኪና ወደ ግንባር መጠጋት ስላቃተው ውኃና ጥይት የሚያደርስ፣ ቁስለኛም የሚያወጣ ጎማ ያለው ሮቦት መላክ ጀምረዋል።

የከዚራ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ለልጁ አንዱንም ሳላስቀር አነበብኩለት። አሁን ደግሞ "እሺ፣ ሁለቱንም እሆናለሁ፣ ድሮን ገዝታችሁልኝ ልለማመድ" ብሎ ቁጭ አለ። ወንድሜ ከጅቡቲ አስመጣለታለሁ እያለ ነው።

ሳቢያን ቴክ፦
ተው አቦ፣ ጉድ እንዳታመጡ! ድሮን ያለ ኢንሳ (የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም። ድሬ ላይ ደግሞ ኤርፖርቱም አየር ኃይሉም ከተማው ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን የማብረር ሲሙሌተር አለ፣ መቆጣጠሪያውን ብቻ ገዝቶ በዩኤስቢ ይሰካው፣ ዩክሬኖቹም የሚጀምሩት በእሱ ነው። ሶልደር ማድረጉን አጎቱ ያስተምረው፣ የተበላሸ ስልክ እንደሆን እዚያ ሱቅ አይጠፋም።