የቆጠራ ሥልጠናው ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ፦ ሰላም ወገኖች። ባለፈው የዱር እንስሳት ቆጠራ ሥልጠና ፕሮፖዛል አብረን እንጻፍ ተባብለን ነበር የተለያየነው። ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። ለምን እንደሚያስፈልገን ታውቃላችሁ፤ ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳ የቆጠርን ቀን ማን ይረሳዋል? ሦስት ሰው፣ አንድ መንጋ፣ ሦስት መልስ። እኔ 140 አልኩ፣ አንዷ 96፣ ሌላው ደግሞ «ብዙ» ብሎ ጻፈ። (ቅጹ እኔ ዘንድ አለ፣ አልጣልኩትም።) ለጊዜው ያሰፈርኩት ይሄን ነው፦ 30 አባላት ቆጠራ ይማራሉ፤ ቦታው ጓሳ መንዝ፤ መሣሪያው 10 ወጥመድ ካሜራ (እንስሳ ሲያልፍ ራሱ የሚያነሳ)፣ 6 ባይኖኩላር፣ 4 ጂፒኤስ። በሉ ቀጥሉ።

የባዮሎጂ አስተማሪ፦ እጅህ ይባረክ። ካሜራውን ግን ምን አመጣው? እሱ ጫካ ለጫካ ለሚሽሎኮለክና ሌሊት ለሚወጣ እንስሳ ነው። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃዋል። ደግሞ ካሜራ መቶ ጊዜ ጅብ ቢያነሳ መቶ ጅብ አለ ማለት አይደለም። አንዱ እየተመላለሰ ሊሆን ይችላል።

የኛ ችግር ያመለጠን ስንት እንደሆነ አለማወቃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ዩታ ውስጥ የተሠራ አንድ ልምምድ አለ፤ ሁሌ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ሜዳ ላይ 150 ካስማ ተተከለ። ተማሪዎች በተራ በተራ አንድ መስመር ይዘው እየሄዱ ያዩትን ቆጠሩ፤ ያዩት እያንዳንዱ ካስማ ከመስመሩ ስንት ሜትር እንደሚርቅም ለኩ። ሁሉንም ያገኘ አልነበረም። ካስማ ደግሞ አይሮጥ፣ አይደበቅ! ከመስመሩ በራቁ ቁጥር የሚታዩት እያነሱ ይሄዳሉ። ያ አነሳስ ነው ያመለጠውን የሚያሰላልን። ትራንሴክት (በመስመር እየሄዱ መቁጠር) ስንል ዋናው ነገር ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቀን በዚህ ይጀመር፤ ሜዳውን ከትምህርት ቤታችን እጠይቃለሁ።

ጡረተኛው ስካውት (የዱር እንስሳት ጠባቂ የነበሩት)፦ ልጆች፣ ካስማውስ ይሁን። ጭላዳን ግን ከሰዓት በኋላ እንዳትቆጥሩ። የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ወደ አፋፉ ይወጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ እርስ በርሱ ፀጉሩን ይለቃቀማል፣ ከዚያ ለግጦሽ ይበተናል። አፋፉን ሲሻገር ነው መያዝ። ረፈድ ሲል ሌላው መንጋ ይቀላቀልና መለየት የለም። ማታ ደግሞ ይከፋፈላል። አንዱን ሁለቴ ቆጥራችሁ ትገባላችሁ። ግልገሉንም ለጊዜው ተዉት፣ እናቱ ሆድ ሥር ተለጥፎ አይታይም። አውራውን ቁጠሩ። ጋማው ከሩቅ ያስታውቃል፤ ሴቶቹም ከሱ አይርቁም።

የባዮሎጂ አስተማሪ፦ ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። እሳቸው ያሉትን ይዘን ሁለት ሰው እናስቀምጥ። አይነጋገሩም፣ አንዱ የሌላውን ወረቀት አያይም። አውራው አፋፉን ሲሻገር ሰዓቱንና የወጣበትን ድንጋይ ይጽፋሉ። አንዱ 12 አየ፣ ሌላው 10 አየ እንበል። ወረቀቱ ሲመሳከር 8ቱ የጋራ ናቸው። 12 በ10 አባዝቶ ለ8 ማካፈል፤ 15 ይመጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ያዩት 14 ነው፤ ስለዚህ አንድ አውራ ሳያመልጣቸው አልቀረም። ሂሳቡ የስምንተኛ ክፍል ነው። የሚከብደው አለመነጋገሩ ነው፣ በተለይ ለኛ ማኅበር።

የመንዟ፦ ጓሳን «ቦታ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም በማኅበረሰቡ በራሱ የግጦሽና የሣር ሕግ፣ የጠበቁት መሬት ነው። ሣሩ ተከልሎ ይከርማል፣ ሲፈቀድ ይታጨዳል። ይሄ ለቆጠራውም ወሳኝ ነው። ሣሩ ሳይታጨድ ቀይ ቀበሮ ተጋድሞ አጠገቡ ታልፋላችሁ። አንዱን ዓመት ሣሩ ቆሞ፣ ሌላውን ዓመት ታጭዶ ከቆጠራችሁ ቀበሮው በዛ ወይም አነሰ የሚል ወሬ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ የተለወጠው ግን ሣሩ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ወሩ አንድ ይሁን። የአካባቢው ጥበቃ ኮሚቴም «ተሳታፊ» ሳይሆን ባለቤት ተብሎ ይጻፍ።

ሌላ፣ ቅጹ ላይ የቀበሮ ዓምድ ጨምሩ። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል፦ ቀበሮ ጭላዳ መሐል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፣ ለብቻው ሲሆን 25ቱ ብቻ። እናንተ ጭላዳ ስትቆጥሩ እሱ እግራቸው ሥር ነው ያለው።

ገንዘብ ያዥ፦ 30 ሰው ጓሳ ወስደን፣ አሳድረን፣ አበል ከፍለን? በየትኛው ብር? 12 ሰው ይሁን። መጀመሪያ ደብረ ሊባኖስ፤ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሌሊት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ጓሳ ለሁለተኛው ዙር፣ መንገዱ አማን ሲሆንና ኮሚቴው እሺ ሲል። ካሜራዎቹን ሰርዣለሁ። ቅጹ ኮቦ ላይ (በስልክ መረጃ መሙያው መተግበሪያ) ይሠራ፣ ነፃ ነው።

ጡረተኛው ስካውት፦ ወረቀትም ያዙ። የደጋ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል።

ጸሐፊ፦ ተስማምቻለሁ። ዓላማውን እንዲህ ቀየርኩት፦ «12 አባላት፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ሳይነጋገሩ ቆጥረው ያመለጣቸውን ማስላት ይችላሉ።» ቆጠራው ለሦስት ዓመት በአንድ ወር፣ በአንድ አፋፍ፣ በአንድ ሰዓት። ምንም ያልታየበት ቀንም ዜሮ ተብሎ ከነሰዓቱ ይመዝገብ፤ «ምንም የለም» ብሎ ቅጹን ኪሱ ከቶ መሄድ ቀረ። ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ የሚያስፈልገው የቱ እንደሆነ እኔ እጠይቃለሁ። የቀረው ካስማው ነው። ማን ያዘጋጅ?

የባዮሎጂ አስተማሪ፦ እኔ። ገዝቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ በዋዜማው ለብቻዬ እተክላለሁ። ስንት እንደሆነ ግን ለማንም አልናገርም፤ አለዚያ ልምምዱ ዋጋ የለውም።

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኝ ታመጣለህ አይደል? ደረሰኙ ላይ ብዛቱ ይጻፋል እኮ።

የባዮሎጂ አስተማሪ፦ እንግዲያው አንተ ቆጣሪ አትሆንም። ሰዓት ያዥ ብለን ጽፈንሃል።